የሚድነው ማን ነው? ስለ ድንጋጤ በሽታ ሕክምናና ስለ ጎንደር ዛር ጥናቶች የቀረበ ትችት

መግቢያ

በጎንደር ከተማ ልቡ በድንገት የሚደልቅበት፣ ትንፋሹ የሚያጥርበት፣ ጣቱ የሚደነዝዝበትና «አሁን መሞቴ ነው» የሚል ሰው የሚያንኳኳቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሐኪም ቤት፣ ሁለተኛው የጠበል ቦታ፣ ሦስተኛው የባለ ዛር ቤት ነው። ብዙ ሰው በአንዱ ብቻ አይወሰንም፤ ሦስቱንም በየተራ ያዳርሳል። ከነዚህ በሮች በየትኛው ገብቶ ማን ድኖ እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ሐኪሙ ጥቂት፣ መንገዱ ሩቅ፣ የቤተ ሰቡም ገንዘብ አነስተኛ በሆነበት አገር በከንቱ የተደረገ ጕዞ ከባድ ዕዳ ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሦስት ሥራዎችን አቅርበን እንመረምራለን። ሁለቱ ስለ ጎንደር ዛር የተጻፉ ናቸው፤ ይኸውም የፈረንሳዊው የሚሼል ሌሪስ መጽሐፍና የሥነ ሰብእ ተመራማሪው የሳይመን ሜሲንግ ጽሑፍ ሲሆኑ፣ ሁለቱም እንደ አጋጣሚ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ታተሙ። ሦስተኛው ፖርተርና ቻምብለስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት፣ በጠባይ ሕክምና ከድንጋጤ በሽታ ማን ይበልጥ እንደሚሻለው አስቀድሞ የሚያመለክቱትን ነገሮች የሚመረምር ግምገማ ነው። እነዚህ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ናቸው። ነገር ግን ሦስቱም የአንድ ጥያቄ ልዩ ልዩ ገጽታ ይዘዋል ብለን ስለምናምን ጎን ለጎን አኑረናቸዋል።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ስለ ዛር የሰማነው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ የሰይጣን ሥራ ነው፣ ወይ የድንቍርና ሥራ ነው የሚል። ሁለቱም ፍርዶች ከመጠየቅ ያሳርፋሉ፤ ስለዚህም ለተመራማሪ አይበጁም። በአንጻሩ ደግሞ የአገር ባህል ስለ ሆነ ብቻ ፈውስ ነው ብሎ ማወደስ እንደዚያው ከመጠየቅ ያሳርፋል። የምንሻው ከሁለቱም ውጭ ያለውን መንገድ ነው።

የበሽታው ጠባይና የሕክምናው መንገድ

የድንጋጤ በሽታ ስንል ሐኪሞች «ፓኒክ ዲስኦርደር» የሚሉትን ማለታችን ነው። ድንጋጤው ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሣል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከጫፉ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይበርዳል። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ደረት ይጨነቃል፣ ራስ ይዞራል። ሕመምተኛው ልቡ የሚቆም ወይም አእምሮው የሚነካ ይመስለዋል። ይህ በሽታ ከሌላው የጭንቀት ዓይነት ተለይቶ መታየት የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድንገተኛውን ድንጋጤ እንደሚያቆም፣ «ደግሞ ይመጣብኝ ይሆን» የሚለውን ሥጋት ግን እንደማያቆም አስተዋለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1980 ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ በመዝገቡ አሰፈረው።

እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የሰጠው ማብራሪያ ለጠባይ ሕክምና መሠረት ሆኗል። እንደ እርሱ አሳብ በሽታውን የሚያጸናው የልብ መምታቱ ሳይሆን ለልብ መምታቱ የሚሰጠው ትርጕም ነው። ልቤ መታ፤ እንግዲያስ ልሞት ነው ያለ ሰው ይፈራል፤ ሲፈራ ልቡ የባሰ ይመታል፤ የባሰ ሲመታ የባሰ ይፈራል። ክቡ የሚሰበረው ትርጕሙ ሲለወጥ ነው።

ለምሳሌ አንዲት የምናውቃቸውን እናት እንጥቀስ። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን በገበያው መካከል ልባቸው ደለቀ፣ ትንፋሻቸው ተቈረጠ፣ ጕልበታቸው ከዳቸው። ሰው ደግፎ ወደ ሐኪም ወሰዳቸው። ልባቸው ተመረመረና «ምንም የለብዎትም» ተባሉ። ቃሉ እውነት ነበር፤ ጥያቄያቸውን ግን አልመለሰም። ምንም ከሌለባቸው ያን ቀን ሊገድላቸው የደረሰው ምን ነበር? በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገበያ ቀሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ልጃቸው ከበር አይወጡም ነበር። ወደ ለቅሶ መሄድ ተዉ፤ የዕድራቸውም ሰዎች ተቀየሟቸው። እንግዲህ ድንጋጤው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣም፣ ኑሯቸውን የወሰደባቸው ድንጋጤው ሳይሆን ከድንጋጤው መሸሹ ነው። ይህን ነገር ከዚህ በታች «ሽሽት» እንለዋለን።

የጠባይ ሕክምና ይህንኑ ሽሽት ይዋጋል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 12 ሳምንት ያህል ይፈጃል። አስቀድሞ ሕመምተኛው ስለ በሽታው ይማራል። ከዚያ የሚፈራውን የሰውነት ስሜት ሆን ብሎ እንዲቀሰቅስ ይደረጋል፤ በቆመበት ይሮጣል፣ በወንበር ላይ ይሽከረከራል፣ በጠባብ ቱቦ ይተነፍሳል። ልቡ ሲመታ ሳይሞት መቅረቱን በገዛ ሰውነቱ ይማራል። በመጨረሻም የሸሸውን ቦታ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየተራመደ ይጋፈጠዋል። ለጎንደር ሰው ወንበርና ቱቦ አያስፈልገውም፤ የቁስቋምን ዳገት ፈጠን ብሎ መውጣት ይበቃዋል።

ሕክምናው ፍሬ ማፍራቱ በብዙ ጥናት ታይቷል። ከነዚህ የታወቀው ባርሎውና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ሲሆን፣ 312 ሕመምተኞችን ይዞ የጠባይ ሕክምናን፣ ኢሚፕራሚንን፣ ባዶ ክኒንንና የሁለቱን ጥምረት አነጻጸረ። የጠባይ ሕክምናም መድኃኒቱም ከባዶ ክኒን በልጠው ተገኙ። ሕክምናው ከቆመ ከስድስት ወር በኋላ ግን ጥቅሙን ይዘው የቆዩት ይልቁንም የጠባይ ሕክምናን ያለ ኢሚፕራሚን የተቀበሉት ነበሩ። ይህን ስናደንቅ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። በዚህ ጥናት የገቡት ሽሽት የሌለባቸው ወይም ሽሽታቸው ቀላል የሆነ ሕመምተኞች ናቸው። የቅዳሜ ገበያዋ እናት በበሩ አይገቡም ነበር።

የትንበያው ጥናትና ጕድለቱ

ፖርተርና ቻምብለስ ከብዙ ጥናቶች የሰበሰቡት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሕመምተኛው ብዙም እንደማይሻለው አስቀድመው ከሚያመለክቱት ነገሮች መካከል በተደጋጋሚ የተገኘው ሽሽት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመዳን ተስፋ ማነስ፣ የዕለት ኑሮ መሰናከልና ፍርሃት ወይም ጥገኝነት የሠለጠነበት ጠባይ ይመጣሉ። የግምገማው ታላቅ ጥቅም ግምትን በማስረጃ መተካቱ ነው። ሐኪም ሁሉ በልቡ «ይህ ይድናል፣ ያ አይድንም» የሚል መዝገብ አለው፤ ያ የልብ መዝገብ ግን ራሱ አይመረመርም።

ይሁን እንጂ ይህን ፍሬ ነገር ወደ ጎንደር ለሚያመጣ ሰው አራት ነገር እንዲያስተውል እንመክራለን።

1ኛ፤ የሕመሙ መቀነስና የመጨረሻው ደረጃ አንድ አይደሉም። ከጥልቅ ጕድጓድ መውጣት የጀመረ ሰው አሥር ክንድ ወጥቶም ገና ከጕድጓዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ከጥልቀቱ አጠገብ ያልነበረው ግን ሦስት ክንድ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቆማል። የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን «ተጠቃሚ»፣ የመጀመሪያውን «ያልተሳካለት» ይላል። በድካም ብዛት የተጠቀመው ግን የመጀመሪያው ነው።

2ኛ፤ በአጠቃላይ የሚያመለክት ምልክትና ሕክምናን ለመምረጥ የሚረዳ ምልክት ይለያያሉ። ሽሽት የበዛበት ሰው በየትኛውም ሕክምና የሚከብድ ከሆነ፣ ይህ ምልክት «ሌላ ሕክምና ስጡት» አይለንም፤ «ይበልጥ ስጡት» ይለናል እንጂ። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ መሥሪያ ቤት ምልክቱን ወንፊት ያደርገዋል፤ ወንፊቱም አጥብቆ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ይጥላል።

3ኛ፤ ሽሽት የሚለካበት መስፈሪያ የሌላ አገር መስፈሪያ ነው። ቻምብለስ ራሷ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣችው የታወቀ መጠይቅ ሕመምተኛው ትልልቅ መደብሮችን፣ ቴያትር ቤቶችን፣ ሊፍትንና የምድር ውስጥ ባቡርን ይሸሽ እንደሆነ ይጠይቃል። በሊፍት የማያልፍ ኑሮ ያለው የደባርቅ ገበሬ ሊፍት አይሸሽም፤ ስለዚህ በመስፈሪያው ጤነኛ ይመስላል። መጠየቅ የሚገባው በሚኒባስ መካከል ወንበር መቀመጥ ይችል እንደሆነ፣ በጥምቀት ቀን በፋሲል መዋኛ ግቢ ከሕዝቡ መካከል መቆም፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆየት፣ ለቅሶ መድረስ ይችል እንደሆነ ነው። ትንፋሽ ማጠርን የሚፈራ ሰው በደጋው ላይ ሌላ ጣጣ አለበት። የጎንደር ከተማ ራስዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከዚያ ብዙ ትርቃለች፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር የጤነኛም ዕጣ ነው። ዳገቱን የሸሸ ገበሬ እርሻውን ሸሸ ማለት ነው።

4ኛ፤ ሽሽት ሁሉ በሽታ አይደለም። የጠባይ ሕክምና የተሠራው መንገዱ ደኅና፣ ፍርሃቱ ግን ሐሰት ነው በሚል መነሻ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ከመንገድ የቀረውን ሰው «ሽሽት አለበት» ብሎ መመዝገብ ጥንቃቄን ከበሽታ ጋር መቀላቀል ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ወደሚፈራው ቦታ ከመላኩ በፊት ቦታው በእርግጥ አያስፈራ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ በየትኛውም የትንበያ ሰንጠረዥ አይገኝም፤ በእኛ አገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣ ነው።

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው ትንበያው የሕመምተኛውን ጠባይ ያያል እንጂ ሕመምተኛው የሚኖርበትን ቦታ አያይም። ስለ ቦታው የጻፉት ደግሞ የዛሩ ተመራማሪዎች ናቸው። እነርሱስ የሚድነውን ሰው አይተውታልን?

ሌሪስና ሜሲንግ ያዩትና ያላዩት

ሌሪስ ወደ ጎንደር የመጣው ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ መልካም አየሁ ወደተባሉት የታወቁ ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት የዛሩን ሥርዐት ቀን በቀን መዘገበ። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው ዋና ጥያቄ ግን የፈውስ ጥያቄ አይደለም። የዛሩ ፈረስ የሆነው ሰው ሲጐርር፣ ሲፎክርና በዛሩ ቃል ሲናገር በእውነት ተይዞ ነው ወይስ ቴያትር እየሠራ ነው የሚል ነው። መልሱም ብልህ ነው፤ ነገሩ ከሁለቱ መካከል ያለ፣ ሠሪው ራሱ የሚኖረው ቴያትር ነው ይላል።

ይህን ትንታኔ እናከብረዋለን። ስለ ጎንደር ሰው በንቀት አልጻፈም፤ የሰዎቹንም አነጋገር በጥንቃቄ አስቀርቷል። ነገር ግን ቴያትር የሚመለከት ሰው ዐይኑ በመድረኩ ላይ ነው። ሌሪስ ያየው በዚያ ቤት የሰነበተውን ማኅበረተኛ ነው። አንድ ቀን መጥቶ፣ ዶሮውን አሳርዶ፣ ሳይሻለው ወደ ሰሜን ደጋ የተመለሰውን ሰው አላየውም፤ ተሽሎት ወጥቶ የቀረውንም እንደዚያው። ሰንብቶ ከቆየው ብቻ ስለ ቤቱ ኀይል መፍረድ፣ ከክረምት የተረፈውን ዛፍ ብቻ አይቶ ክረምቱ ቀላል ነበር እንደ ማለት ነው።

ሜሲንግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በጎንደር አካባቢ ቆይቶ የጻፈው ጽሑፍ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል፤ ርእሱ ራሱ ዛርን እንደ ማኅበር ሕክምና አድርጎ ያቀርበዋልና። እንደ እርሱ አገላለጽ የዛር ቤት ልዩ ልዩ የመንፈስ ችግር የሚጣልበት የጋራ ጐተራ ነው፤ የክብር ምኞቱ የተሰናከለበትም፣ በእርግጥ አእምሮው የታመመውም በአንድ ቤት ይገናኛሉ። ባለ ዛሩ የሕመምተኛውን ዛር ጠርቶ ስሙን ያናግረዋል፤ ስለሚሻው ስጦታ ይከራከረዋል፤ ሕመምተኛውም ከዚያ በኋላ የማኅበሩ አባል ይሆናል። ማንም ድኗል ተብሎ አይሰናበትም። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው በማኅበሩ ውስጥ መጠጊያና ክብር ያገኛሉ፤ ይልቁንም በባላቸው የተዘነጉ ሴቶች።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ አለን። የመጀመሪያው፣ መጠጊያ ማግኘትና መዳን አንድ አይደሉም። ብቸኛ የነበረች ሴት ጓደኛ አገኘች ማለት ታላቅ ነገር ነው፤ ልቧ ሲመታ መሞቷ መስሎ መታየቱ ቀርቶላታል ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛው፣ ማንም የማይሰናበት ከሆነ ማን እንደተጠቀመ የሚለካበት ጊዜ የለም። ያለ መለኪያ ደግሞ «ሕክምና» የሚለው ስም ማዕርግ ብቻ ይሆናል።

ለሜሲንግ በትክክል ልንፈርድለት የሚገባም ነገር አለ። የድንጋጤ በሽታ ገና ተለይቶ ስላልታወቀ ከሌላው አልለየውም ብለን አንወቅሰውም። ደግሞም አለመሰናበት ራሱ ጕድለት ነው ለማለት አንቸኵልም። የደም ግፊት ያለበትን ሰው ሐኪም «ድነሃል፣ አትመለስ» አይለውም። የድንጋጤ በሽታም ከሄደ በኋላ ሊመለስ ይችላል። የጠባይ ሕክምና በ12 ሳምንት ጨርሶ በሚያሰናብትበት ቦታ፣ የዛር ማኅበር ሕመምተኛውን ዕድሜ ልክ አይለቀውም። ከሁለቱ የትኛው የተሻለ እንደሆነ ለማወቅ ግን በሁለቱም በር የገባውንና የወጣውን መቍጠር ያስፈልጋል።

ሽሽትና ተስፋ በሦስቱ በሮች

አሁን ሁለቱን ወገኖች እናገናኛቸው። ከትንበያው ጥናት ሁለት ምልክቶችን፣ ሽሽትንና ተስፋን ወስደን ሦስቱ በሮች በነዚህ ላይ ምን እንደሚሠሩ እንጠይቅ። ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ገና የሚፈተን አሳብ መሆኑን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በተስፋ በኩል ዛርና ጠበል ሐኪም ቤቱን ይበልጣሉ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ለቅዳሜ ገበያዋ እናት ሐኪሙ «ምንም የለብዎትም» አላቸው፤ ባለ ዛሩ ግን «አለብዎት፤ ስሙም ይህ ነው፤ የሚሻውም ይህ ነው» ይላቸዋል። በሽታን ስም መስጠት የተስፋ መጀመሪያ ነው። የጠባይ ሕክምና ባለሙያም የመጀመሪያው ሥራው ይኸው ነው። ከዚህ የተነሣ ሐኪም ቤቱ ሕመምተኞቹን የሚያጣው በእውቀት ማነስ ሳይሆን በንግግር ማነስ ይሆናል።

በሽሽት በኩል ግን ነገሩ ይለያል። የዛር ቤት ብዙ ጊዜ ለሽሽት ሕጋዊ ምክንያት ይሰጠዋል። «ዛሩ ሰው መብዛት አይወድም»፣ «በዚህ ቀን አትውጪ» የሚል ትእዛዝ የተቀበለች ሴት ከገበያ መቅረቷ የዛሩ ፈቃድ እንጂ የእርስዋ ድካም አይደለም። ክብሯ ይጠበቅላታል፤ በሩ ግን ተዘግቶ ይቀራል። በቤቱ ውስጥ የሚቀርበውም ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ፣ ከጫት ጋር የሚጠጣ ነው። ካፌይን ሲበዛ በድንጋጤ ሕመምተኞች ላይ ድንጋጤን ሊቀሰቅስ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። በዚያ የሚመታው ልብ ለዛሩ መምጣት ማስረጃ ሆኖ ይቈጠራል፤ ትርጕሙም ይጸናል።

ጠበል በዚህ ረገድ ከዛር ተለይቶ መታየት አለበት። ሕመምተኛው ሌሊት ተነሥቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ከብዙ ሕዝብ መካከል ተሰልፎ፣ በባዶ ሆዱ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠመቃል። ውሃው ሲያርፍበት ትንፋሹ ይቈረጣል፣ ልቡ ይመታል። ይህን በሰባት ቀን ወይም በሁለት ሱባኤ ደጋግሞ ያደርጋል። የጠባይ ሕክምና ባለሙያ ይህን ቢያይ የራሱን ሥራ ያስታውሰዋል፤ የሸሹትን ቦታ መጋፈጥና የፈሩትን የሰውነት ስሜት መቀስቀስ በአንድነት ተፈጽመዋልና። ልዩነቱ በትርጕሙ ላይ ነው። ሕመምተኛው «ልቤ መታ፤ እግዚአብሔር ግን ጠበቀኝ፣ አልሞትሁም» ብሎ ከወጣ ክቡ ሊሰበር ይችላል። «ልቤ የመታው ርኵሱ መንፈስ ገና ስላልለቀቀኝ ነው» ብሎ ከወጣ ግን የሚቀጥለው የልብ ምት የባሰ ያስፈራዋል። እንግዲህ በአንድ ጠበል፣ በአንድ ቀን ከተጠመቁ ሁለት ሰዎች አንዱ የሚጠቀመው፣ ሌላው የማይጠቀመው ይዘው በወጡት ትርጕም እንደሆነ እንገምታለን። ይህ ግምት በጥያቄና በመልስ ሊፈተን የሚችል ነው፤ ለዚህም ነው የምንወደው።

ምን ይጻፍ? ምን ይደረግ?

ለባልደረቦቻችን የምናቀርበው አሳብ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በጎንደር የጤና ትምህርት ከተጀመረ፣ ማለትም የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተ ወዲህ ተማሪ ወደ ገጠር ወጥቶ ቤት ለቤት መጠየቅ የተለመደ ሥራ ነው። በልብ መምታት ምክንያት ወደ ሐኪም መጥተው ልባቸው ጤነኛ ሆኖ የተገኙትን ሰዎች፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር እንደገና መጠየቅ ይቻላል። የሚጻፈውም ይህ ነው፤ የትኛውን በር አስቀድመው አንኳኩ፣ ምን ተባሉ፣ ምን ተስፋ ነበራቸው፣ የትኛውን ቦታ ሸሹ፣ ቦታው በእርግጥ ያሰጋ ነበርን፣ በስድስተኛው ወር ወደዚያ ተመልሰዋልን፣ መንገዱስ ስንት ፈጀ። ማቋረጡንም መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያቋረጠው ሰው ነው እስካሁን ከጽሑፎቻችን ሁሉ የጠፋው።

የመንገዱ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጣ 12 ሳምንት የሚታከም የደባርቅ ሰው ደርሶ መልሱ 2,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ሰው በአራተኛው ሳምንት ቢቀር «ጠባዩ ለሕክምና አይመችም» ብሎ መጻፍ ግፍ ነው፤ ያልተመቸው ሕክምናው ነው። ስለዚህ የሕክምናው መቀመጫ ወደ ሕመምተኛው መጠጋት አለበት። አገራችን የአእምሮ ሕክምና በስፔሻሊስት ብቻ እንዳይወሰን የሚያደርገውን የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተቀብላለች። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ መሥራት ጀምረዋል። ሕመምተኛውን ከበሩ እስከ ጐረቤት፣ ከጐረቤት እስከ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ ለማድረስ የሚያስፈልገው ከሐኪም ይልቅ የሠለጠነና ታጋሽ ሰው ነው።

ከጠበሉ ወገን ጋር መነጋገርም የማይቻል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊሄዱ ከቻሉ፣ «ልብህ ቢመታም አትሞትም» የሚለው ቃልና ጠበል አብረው የማይሄዱበት ምክንያት አይታየንም። አጥማቂው ካህን ይህን ቃል ቢናገረው ከማንኛችንም ቃል ይልቅ ይሰማል።

መደምደሚያ

ወደ ቅዳሜ ገበያዋ እናት እንመለስ። በትንበያው ሰንጠረዥ ብንመዝናቸው ሽሽታቸው ብዙ፣ ኑሯቸው የተሰናከለ፣ በሐኪም ላይ ያላቸው ተስፋም አነስተኛ ነው። ሰንጠረዡ «የመሻል ዕድላቸው አነስተኛ ነው» ይላል። ሌሪስ ቢያያቸው ለመድረኩ የሚሆን ነገር ይፈልግባቸው ነበር፤ ሜሲንግም ማኅበር የሚያስፈልጋት ሴት ይላቸው ነበር። ሦስቱም ከእውነት አንዳንድ ክፍል ይዘዋል።

በበኩላችን ግን ሰንጠረዡን እንደዚህ እናነበዋለን። ሽሽታቸው ብዙ ስለሆነ ሕክምናቸው ከበራቸው ይጀመር፤ ተስፋቸው ስላነሰ አስቀድሞ የበሽታቸው ስም ይነገራቸው፤ ኑሯቸው ስለተሰናከለ የመጀመሪያው ጕዞ ወደ በርበሬያቸው ይሁን። የሚድነውን አስቀድሞ ማወቅ ጥቅሙ የማይድን የመሰለውን ለማሰናበት ሳይሆን ለእርሱ የሚጨመረውን ለማወቅ ነው። ይህን ካላደረግን የእኛ ሳይንስ የሚያገለግለው ያለ እኛም በራሱ ዳገቱን መውጣት የሚችለውን ሰው ብቻ ይሆናል። እኒህ እናት ዛሬም ቅዳሜ ጧት በደጃፋቸው ተቀምጠው ወደ ገበያ የሚወርደውን ሰው ይመለከታሉ።